ሰው ከሚመላለስ መዝገቡ ቢሄድስ?

«ከሳሽ ጉዳይዋን ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት የማቅረብ መብቷ የተጠበቀ ነው። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ።»

የፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን አነጋገር በቃሉ ይወጣዋል። ለጆሮ ደግ ነው፤ ማንም ምንም አልተከለከለም። ግን መብቷ የተጠበቀው በማን ነው? መዝገቡ የሚመለስበት ቤት አለው፤ ሴትዮዋስ ወዴት ትመለስ? «ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት» የተባለው የትኛው እንደሆነ አንዳንዴ ስሙ እንኳን የማይጻፈው ለምንድን ነው? ዳኛው ካወቀው ለምን አይነግራትም? ካላወቀውስ ጉዳዩ የእሱ እንዳልሆነ በምን አወቀ?

ነገሩን በአንዲት ባለጉዳይ ልየው። ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቡኝ ወረዳ፣ ጮቄ ተራራ ሥር የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ባሕር ዛፏን ለነጋዴ ሸጠች። ነጋዴው ግማሹን ከፈለ፣ አስቆረጠ፣ ጫነ፣ «ቀሪውን 60,000 ብር በሳምንት» ብሎ ሄደ። ሳምንቱ ዓመት ሆነ፤ ስልኩም አይነሣም። እሷም ድጓ ጽዮን ወርዳ፣ ከወረዳው ፍርድ ቤት አጠገብ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ ከተቀመጠው አቤቱታ ጸሐፊ ፊት ቁጭ አለች።

«ሰውየው የት ነው የሚኖሩት፣ እማማ?»

«እኔ ምኑን አውቄ ልጄ። አዲስ አበባ ነኝ ብሎኛል።»

ጸሐፊው «የተከሳሽ አድራሻ፦ አዲስ አበባ» ብሎ ጻፈ። የሴትዮዋ ጉዳይ ከቢቡኝ የወጣው እዚህች መሥመር ላይ ነው። እሷ ግን አላወቀችም፤ ጸሐፊውም ላያውቅ ይችላል።

ወረቀቱን ቀረብ ብለን እንየው። ከላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ቀጥሎ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ከዚያ «ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለው» የምትል ዓረፍተ ነገር። ታሪኩ ይከተላል፤ የሚጠየቀው ዳኝነት ይከተላል። ግርጌው ላይ «በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። አባሪው በቁጥር 223 መሠረት የቀረበ የማስረጃ ዝርዝር ነው። አሁን ልጠይቅ፦ ፊርማዋ የአውራ ጣት አሻራ የሆነ እናት «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለው» ብላ ስታረጋግጥ የምታረጋግጠው ምኑን ነው? ሕጉ በቁጥር 222 የክስ ማመልከቻ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን የሚያሳይ ነገር እንዲይዝ ያዛል። ዛፍ መሸጧን፣ ገንዘብ መቅረቱን ታውቃለች፤ ይህን ትመስክር። የፍርድ ቤቶችን የሥልጣን ድልድል ግን እንድታውቅ የምትገደደው በየትኛው ትምህርት ቤት ተምራ ነው?

ድጓ ጽዮን መሄዷ በራሱ ስሕተት አልነበረም። ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 19 መነሻውን ያስቀምጣል፤ ክስ ተከሳሽ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ ይቀርባል። ለውል ግን ቁጥር 24 በር ይከፍታል፤ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም መክሰስ ይቻላል። ውሉ የተደረገው እደጇ ላይ፣ ዛፉም የተቆረጠው እዚያው ነው። ስለዚህ በቦታ ረገድ ቢቡኝ ልክ ናት። የተሰናከለችው በሌላው ነው። ከአዋጅ ቁጥር 25/1988 ጀምሮ ቋሚ መኖሪያቸው በተለያየ ክልል የሆነ ሰዎች ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ይባላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ደግሞ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በክልል ውስጥ በውክልና የሚሠራበት የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንጂ የወረዳው አይደለም። እናም የ60,000 ብር ባሕር ዛፍ ደብረ ማርቆስ፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ይጠራል። ይግባኙ ባሕር ዳር ነው፤ ከዚያም አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል።

ይህን የሚቀበል ሰው አንድ ነገር ያስረዳኝ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን የገንዘብ ጣሪያ ከ500,000 ብር ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። ነጋዴው የሚኖርበት ሰፈር ያለ ሰው ያንኑ 60,000 ብር ቢቀርበት ልደታ ወይም አራዳ ምድብ ችሎት ገብቶ ይከሳል፤ ከቤቱ በታክሲ የሚደረስበት ነው። የቢቡኟ እናት ግን ለዚያው ገንዘብ፣ በዚያው ሕግ፣ የጮቄን ብርድ አቋርጣ ደብረ ማርቆስ ታድራለች። «የመጀመሪያ ደረጃ» የተባለው ጉዳይ ለከተሜው ታችኛው ደረጃ፣ ለገጠሬዋ ከፍተኛው የሆነው በምን ሒሳብ ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት ለ«ማንኛውም ሰው» ሲል የመኪና መንገድ ያለውን ብቻ አስቦ ነው? የክልሉ ምክር ቤትና የፌዴራሉስ ትንንሹን የውክልና ጉዳይ ለወረዳ ፍርድ ቤት የሚያወርድ መላ ለምን አልፈለጉም? ሕገ መንግሥቱ «ከፍተኛ» ብሏል የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። እሺ፤ ታዲያ የከፍተኛው ችሎት ራሱ ድጓ ጽዮን ወጥቶ እንዳያስችል ያው ሕገ መንግሥት የት ላይ ከልክሏል?

የፌዴራሉ መንግሥት በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአምስት ክልሎች አቋቁሟል፤ አማራ ክልል ከእነሱ ውስጥ የለም። ይህን ለቅሬታ አላነሣሁትም፤ ሌላ ፍርድ ቤት ቢጨመር ሌላ በር ነው የሚጨመረው። የኔ ጥያቄ በሮቹ መካከል ስላለው መንገድ ነው።

ወደ መዝገቡ እንመለስ። ወረዳው «የፌዴራል ጉዳይ ነው» ብሎ ዘግቷል። ሴትዮዋ የከፈለችው የዳኝነት ገንዘብ ከመዝገቡ ጋር ይሻገራል ወይስ ደብረ ማርቆስ ላይ ከዜሮ ትጀምራለች? ምስክሮቿስ? ዋናው ማስረጃ፣ ያቺ በእጅ የተጻፈች የውል ወረቀት፣ ከተዘጋው መዝገብ ውስጥ ተፈልጋ የምትወጣው በስንት ቀን ነው? ለጽሕፈቱ እንደገና በገጽ ትከፍላለች። መጥሪያውን «አድርሺ» ስትባል ደግሞ አዲስ አበባ ማን ያደርስላት? (በጋዜጣ ይጠራ ቢባል፣ በኩር ላይ ማስታወቂያ ማውጣት የዛፉን ትርፍ ስንት እንደሚበላ ለሚያሰሉ ትቼዋለሁ።)

ደብረ ማርቆስ ስትደርስ ደግሞ የነጋዴው ጠበቃ ይጠብቃታል። ቁጥር 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚባሉትን ይዘረዝራል፤ ሥልጣን የለህም፣ ቀድሞ ተፈርዷል፣ ሌላ ቦታ ክስ አለ፣ በይርጋ ታግዷል፣ እያለ ይቀጥላል። ጎበዝ ጠበቃ ከዚህ ውስጥ አንዱን አያጣም። «ዛፍ የመሬት አካል ነው፤ መሬት ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው፤ በቁጥር 25 መሠረት ክሱ መሬቱ ባለበት፣ ቢቡኝ መቅረብ ነበረበት» ቢልስ? ያስቃል፤ ግን ቀጠሮ ያስገኛል። መልሱ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ አለ፤ ቁጥር 1133 ዛፍና ሰብል ከመሬቱ ሊለዩ ውል ከተደረገባቸው እንደሚንቀሳቀስ ንብረት እንደሚቆጠሩ ይደነግጋል። ያለ ጠበቃ የቆመች ሴት ግን ይህን ቁጥር ከየት ታምጣው? ዳኛው ያውቀዋል እንበል። ብይን እስኪሰጥ ስንት ጊዜ ተመላልሳለች?

አሁን ወደ ሕጉ አመጣጥ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በ1958 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ የወጣ ነው። ዛሬም «አውራጃ ግዛት ፍርድ ቤት» ይላል፤ አውራጃው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ብዙው ነገሩ በ1908 እ.ኤ.አ. ከወጣው የሕንድ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጋር እንደሚመሳሰል ሕግ የተማረ ሁሉ ያውቃል። መመሳሰሉን አልነቅፍም። የምነቅፈው ስንቀዳ የዘለልናትን ነው። በሕንዱ ሕግ፣ ትእዛዝ 7 ደንብ 10 የምትባል አለች፤ ክሱ የማይመለከተው ፍርድ ቤት የክስ ማመልከቻውን «ለሚመለከተው አቅርብ» ብሎ፣ የቀረበበትንና የተመለሰበትን ቀን ጽፎበት ለከሳሹ ይመልሳል። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመሩ፤ ከሳሹ ከጠየቀ መላሹ ፍርድ ቤት በተቀባዩ ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን ቀን ራሱ ይቆርጣል፤ ተከሳሹም እንደገና መጥሪያ አያስፈልገውም። በቅን ልቦና በተሳሳተ ፍርድ ቤት የተከራከሩበት ጊዜም ከይርጋ አይቆጠርም። በጀርመኖች ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 281 ደግሞ፣ የማይመለከተው ፍርድ ቤት በከሳሹ ጥያቄ መዝገቡን ለሚመለከተው ይመራዋል፤ ተቀባዩም «አይመለከተኝም» ብሎ መልሶ ሊወረውረው አይችልም። አሜሪካኖች ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፌዴራል ፍርድ ቤቶቻቸው መካከል ለተዘዋወረ ክስ፣ መጀመሪያ የቀረበበትን ቀን የክሱ ቀን አድርገው ይቆጥሩታል።

እኛ ዘንድስ? በእርግጥ የኛም ሕግ መዝገብ ማዛወርን አያውቅም አይባልም። ከቁጥር 31 ጀምሮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሥሩ ካሉ ፍርድ ቤቶች መዝገብ እያነሣ ራሱ እንዲያይ ወይም ወደ ሌላ እንዲያዛውር ሥልጣን ሰጥቷል። እንግዲህ መዝገብ እግር አለው! ከፍ ያለው ፍርድ ቤት ሲፈልግ መዝገቡ ከወረዳ ደብረ ማርቆስ ይመጣል። ባለጉዳይዋ ስትፈልግ ግን መዝገቡ ይተኛና እሷ ትሄዳለች። ይህን ልዩነት ማን ፈረደው?

የሚሰጠኝ መልስ ይታወቀኛል። «ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት ምንም ማድረግ አይችልም፤ ማስተላለፍም ሥራ ነው» ይላሉ። መልካም። ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት ግን ክሱን መዝግቦ ቁጥር ሰጥቷል፣ ዳኝነት አስከፍሏል፣ ተከሳሽን ጠርቷል፣ መቃወሚያ ሰምቷል፣ ብይን ጽፏል፣ መዝገብ ዘግቷል። ይህን ሁሉ ማድረግ የቻለ፣ አንዲት ሸኚ ደብዳቤ መጻፍ ሲደርስ እጁ የታሰረው በምንድን ነው? ስለ ራሱ ሥልጣን የመወሰን ሥልጣን እንዳለው ማንም አይክድም፤ ከዚያ ውሳኔ ቀጥሎ ያለችውን አንዲት እርምጃ የሚከለክል ቁጥር ካለ ይጠቀስልኝ። ከሌለ ደግሞ የልማድ እንጂ የሕግ አይደለማ!

ሌላም መልስ አለ፤ ከበድ ይላል። የሥልጣን ድንጋጌዎች ለተከሳሽም ጋሻ ናቸው። ቁጥር 19 ባይኖር አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ የጎዛምንን ገበሬ ለማናቸውም ነገር አዲስ አበባ ይጎትተው ነበር። ቁጥር 25 ባይኖር የእናርጅ እናውጋ የመሬት ክርክር ድንበሩን አይቶ በማያውቅ ዳኛ፣ ሽማግሌዎቹ በማይደርሱበት ከተማ በተሰማ ነበር። ልክ ነው፤ እነዚህ ድንጋጌዎች ይነሡ አላልኩም። ነጋዴውን ከመጉላላት የሚጠብቀው ሕግ ሴትዮዋን ሲያጉላላ ለምን ዝም አለ ነው የምለው። መዝገቡ ወደ ትክክለኛው ፍርድ ቤት ቢላክ ተከሳሹ ያጣው ጋሻ የትኛው ነው?

ከሁሉ የሚብሰኝ የቁጥር 9 እና የቁጥር 10 ልዩነት ነው። ቦታ የተሳሳተ ክስ በቁጥር 10 ይቅርታ አለው፤ ተቃውሞው በጊዜ ካልተነሣ፣ ፍርድም ካልተጓደለ፣ ውሳኔው አይፈርስም። ደረጃ የተሳሳተ ግን በቁጥር 9 ይቅርታ የለውም፤ ተከሳሹ ዝም ቢል እንኳን በማንኛውም ጊዜ ይነሣል። ሦስት ዓመት የተከራከሩበት፣ ምስክር የተሰማበት፣ የተፈረደበት ነገር ይግባኝ ላይ «ወረዳው ሥልጣን አልነበረውም» ተብሎ ከሥሩ ይነቀላል። የወረዳው ዳኛም የሕግ ምሩቅ ነው፤ የከፍተኛውም እንዲሁ። ያመዛዘኑት ምስክር አንድ፣ የሚሠሩበት ሕግ አንድ። ታዲያ ስሕተቱ ያጎደለው ፍትሕ ምንድን ነው? ምንም ካላጎደለስ ለቦታ የተሰጠው ይቅርታ ለደረጃ ለምን ተነፈገ? እሺ፣ ይፍረስ እንበል። ዳኛው ሥልጣኑን ሳይመረምር ሦስት ዓመት ላስቻለበት ኪሣራ የሚጠየቀው ማን ነው? ቁጥር 231 እኮ የክስ ማመልከቻው ገና ሲቀርብ ሥልጣኑን እንዲያይ ያዘዘው እሱን ነው፤ ሴትዮዋን አይደለም።

የድሮው ይሻል ነበር ለማለት አይደለም፤ ግን ይነጻጸር። ጎጃም በላ ልበልሃ ይሟገት በነበረበት ዘመን ሁለት ባላንጣዎች ነጠላቸውን ቋጥረው መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው «ዳኘን» ይሉት ነበር፤ መንገደኛውም «አይመለከተኝም» ማለት ያሳፍረው ነበር። ነገሩ ከከበደው ከነዋሳቸው ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያም ወደ በላዩ ያሳልፋቸው ነበር። ያ ሥርዓት ግፉ ብዙ ነበር፤ መማለጃውም፣ ደጅ ጥናቱም አይረሳም። ቢሆንም ነገሩ አንዴ ከተያዘ ይተላለፍ ነበር እንጂ «ተዘግቷል፣ አዲስ ጀምሩ» አይባልም ነበር። በ1939 ዓ.ም. የአጥቢያ ዳኝነት በአዋጅ ሲቋቋምም ሐሳቡ ትንሹ ነገር ከመንደሩ እንዳይርቅ ነበር። ዘመናዊው ሕግ ሲመጣ ያሻሻለው ብዙ ነው፤ ይህቺን ግን ለምን ጣላት?

እነዚህ ጥያቄዎች ለሰላም ጊዜ ናቸው። ሰላም ሲጠፋ ይብሳሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች በግጭቱ ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያም ወዲህ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ የወረዳ ችሎት ሲቆም ሲቀጥል ከርሟል። የመሬት ጉዳይ ያለው የሸበል በረንታ ሰው የወረዳው ፍርድ ቤት ቢዘጋበት የት ይክሰስ? በቁጥር 25 መሬቱ ባለበት፤ እዚያ ደግሞ የሚያስችል የለም። ደብረ ማርቆስ ቢደርስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቁጥር 31 ጉዳዩን ወደ ሚሠራ ወረዳ ያዛውርለታል ወይስ «መጀመሪያ ወረዳ መዝገብ ክፈት» ይለዋል? ለመዛወር ተከፍቶ የቆየ መዝገብ ያስፈልጋል ከተባለ፣ መዝገብ ቤቱ በተዘጋበት ወረዳ መዝገብ የሚከፍተው ማን ነው? ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 የሰጠው 2 ዓመት ነው፤ በግጭቱ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እነዚያ 2 ዓመታት መንገድ ሲጠብቅ አልፈውበት ይሆን? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትስ የአስቸኳይ ጊዜውን አዋጅ ሲያራዝም የይርጋውን ጊዜ ማራዘም ማን አስታወሰው?

ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕላዝማ ክርክር የሚሰማበት አገር ነው። ባንኩ ከድጓ ጽዮን አዲስ አበባ ገንዘብ በቅጽበት ያሻግራል፤ ነጋዴው ራሱ ቅድሚያውን የከፈላት በስልክ ሊሆን ይችላል። ሃያ ገጽ የማትሞላ መዝገብ ከቢቡኝ ደብረ ማርቆስ ለመሄድ የሚያስፈልጋት አንድ ፖስታ፣ አንድ ማኅተምና «ተከሳሽ በዚህ ቀን እዚያው ቀርበህ መልስ ስጥ» የምትል መሥመር ናት። ሕግ ማሻሻል ዓመታት ይወስዳል ከተባለ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለወረዳዎቹ «የማይመለከታችሁን ስትዘጉ የሚመለከተውን ስሙን ጻፉ፤ ከሳሽ ከጠየቀች መዝገቡን ከነማስረጃው ላኩ» የሚል ሰርኩላር ለማውጣት የማንን ፈቃድ ይጠብቃል? የዳኝነት ገንዘቡስ፤ ሁለቱም የሚቀበሉት ለአንድ መንግሥት ካዝና ሆኖ ሳለ፣ ያቺ እናት ለአንድ ባሕር ዛፍ ሁለት ጊዜ የምትከፍለው ለምንድን ነው?